ልጄ የት ገብታ ምህንድስና ትማር?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የደሴ ነዋሪ ነኝ፤ ጨርቃ ጨርቅ እየነገድኩ ሦስት ልጆች አሳድጋለሁ። የመጀመሪያዋ ልጄ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋለች፤ ምኞቷም ምህንድስና ነው። መምህሮቿ የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡትን የመግቢያ ፈተና እንድትፈተን ይመክሯታል። አጎቷ ግን «ኮምቦልቻ እዚሁ አፍንጫችን ሥር የምህንድስና ኢንስቲትዩት እያለ ልጅቷን ምን ሩቅ አገር ያስኬዳታል» ይላል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ አዲስ አበባ የሚገኝ የግል ኮሌጅ ጠቁሞን ነበር፤ የክፍያውን ዝርዝር ሲልክልን ከአቅማችን በላይ ሆኖ አገኘነው። እኔ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። መንግሥት የሚያስተምርበት ግቢ ሁሉ አንድ ነው? ካልሆነስ አንዱን ከሌላው በምን ለይቼ ላማክራት? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን ደስ አላችሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ስናስታውስ፣ ልጅዎ ያለፈችበት ወንፊት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገባናል። እርስዎ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጥኩም ቢሉም፣ ያነሱት ጥያቄ ብዙ የተማሩ ወላጆች እንኳ ሳይጠይቁት የሚያልፉት ነው።

የመንግሥት ግቢዎች ተቀራራቢ ሥርዓተ ትምህርት ቢኖራቸውም አስተዳደጋቸው ይለያያል። አምስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1952 ከተከፈተው የምህንድስና ኮሌጅ ይመዘዛል። የባሕር ዳሩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊቴክኒክ ሆኖ ተጀመረ፤ የአርባ ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተቋቋመ፤ ዛሬም ስለ ውኃና ስለ መስኖ ምህንድስና ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ስለዚህ ነው። የአዳማው ከቴክኒክ ኮሌጅነት ተነስቶ ለዓመታት የቴክኒክ መምህራንን ሲያፈራ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተ፣ ከሌሎቹ አንጻር ወጣት ተቋም ነው። ይህን የምዘረዝረው ዕድሜ ጥራት ነው ለማለት አይደለም። አንድ ግቢ ለምን ተብሎ እንደተመሠረተ ማወቅ የትኛው ትምህርት ክፍል ሥር እንደሰደደና የትኛው ትናንት እንደተከፈተ ለመገመት ስለሚረዳ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲውን ትተው ትምህርት ክፍሉን ይመዝኑ። በአንድ አጥር ውስጥ ጎበዝ የሲቪል ምህንድስና ክፍልና ባዶ የቀረ የኬሚካል ምህንድስና ክፍል ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ።

ትምህርት ክፍልን ለመመዘን ከወርክሾፑና ከላቦራቶሪው መጀመር ይሻላል። እኔ ራሴ በአንድ የመንግሥት ተቋም ባስተማርኩባቸው ዓመታት፣ የብረት ጥንካሬ የሚፈተሽበት ማሽን ከነላስቲኩ አንድ ጥግ ቆሞ ሁለት ዓመት አሳልፏል። የሚተክለው ባለሙያ አልመጣም፤ መለዋወጫውም አልተሟላም። ተማሪዎቹ ካለፈው ዓመት ሪፖርት ላይ ቁጥር እየገለበጡ የላብ ሪፖርት ያስገቡ ነበር፤ እኛም ያንኑ እያረምን ማርክ እንሰጥ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል። በሦስተኛው ዓመት አንድ ትጉህ የላብ ቴክኒሻን ማሽኑን አስነሳው። በመጀመሪያው ቀን ባለ 12 ፌሮ ቆርጠን አሰርን፤ ብረቱ ቀስ እያለ ተሳበ፣ መሐሉ ላይ እንደ ጠርሙስ አንገት ቀጠነ፣ ከዚያም ክፍሉን ባናወጠ ድምፅ ተበጠሰ። አንዲት ተማሪ ቀረብ ብላ የተበጠሰበትን ጫፍ በጣቷ ነካችና «ይሞቃል!» አለች። ብረት ሲሳብ እንደሚሞቅ በሀንዳውቷ ላይ ተጽፎላት ነበር፤ ያወቀችው ግን ያን ዕለት ነው። ልጅዎ በአምስት ዓመት ቆይታዋ እንዲህ ያለውን ነገር በእጇ የምትነካበት ግቢ እንዲሆን እመኛለሁ።

ስለዚህ ለአንድ ቀን መሄድ ከተቻለ ሄዳችሁ እዩ። ካልተቻለ ደግሞ ከአካባቢያችሁ ወደዚያ ግቢ የገቡ ሲኒየር ተማሪዎች አይጠፉምና በስልክ ጠይቋቸው፤ በተለይ አራተኛና አምስተኛ ዓመት ላይ ያሉትን። «ላብ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «አለ» ይላል። «ባለፈው ሴሚስተር በገዛ እጅህ የሠራኸው ሙከራ የትኛው ነው? በአንድ ማሽን ላይ ስንት ሆናችሁ ሠራችሁ?» በሏቸው። አንዱ ሲሠራ ሠላሳው ከኋላ ተንጠራርቶ የሚያይ ከሆነ፣ እንደሌለ ቁጠሩት። ዕድል ካገኛችሁ የመመረቂያ ፕሮጀክቶች የሚቀመጡበትን መደርደሪያም ተመልከቱ፤ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ርዕስ በተለያየ ስም የሚደጋገም ከሆነ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያነብና የሚያርም መምህር መኖሩ ያጠራጥራል።

በመምህራን ረገድ አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። ተቋማት «ይህን ያህል መምህራን አሉን፣ ከእነሱም ይህን ያህሉ ዶክተሮች ናቸው» ሲሉ፣ ስማቸው በመዝገብ ላይ ሆኖ እነሱ ግን ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች አብረው ይቆጠራሉ። መጠየቅ ያለበት በዚህ ሴሚስተር ክፍል እየገቡ የሚያስተምሩት ስንት እንደሆኑ ነው። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ዋና ዋና ትምህርቶችን አምና ተመርቀው በረዳትነት የተቀጠሩ ልጆች ብቻ የሚያስተምሩበት ክፍል፣ ልጆቹ የቱንም ያህል ቢተጉ፣ የጎደለው ነገር አለ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ ብሔራዊውን የመውጫ ፈተና መውሰድና ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ይህ ለወላጅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቀድሞ በወሬ ይነገር የነበረው አሁን በቁጥር ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን የጠቅላላ ዩኒቨርሲቲው ውጤት ሲነገር አትርኩ፤ የጤና ተማሪዎች ያመጡት ጥሩ ውጤት የምህንድስናውን ሊሸፍነው ይችላልና። ልጅዎ የምትፈልገው ትምህርት ክፍል ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳለፈለት ይጠየቅ። ከዚያም አልፎ፣ እነዚያ ተፈታኞች ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ስንት ነበሩ የሚለው ይከተል፤ መቶ ገብተው አርባ የተፈተኑበት ክፍል «ዘጠና በመቶ አሳለፍኩ» ቢል ስልሳዎቹ የት ሄዱ ያሰኛል። የመውጫ ፈተናው በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ በመሆኑ የእጅ ሙያን አይለካም፤ ስለዚህ ብቻውን መመዘኛ አናድርገው።

የእጅ ሙያ ወዳለበት፣ ወደ ኢንተርንሺፑ ስንመጣ የአጎቷ ሐሳብ ክብደት ያገኛል። የምህንድስና ተማሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ዓመት፣ ፋብሪካ ወይም የግንባታ ቦታ ሄዶ ልምምድ ያደርጋል። በብዙ ግቢዎች ተማሪው ደብዳቤ ተሰጥቶት ቦታውን ራሱ እንዲፈልግ ይደረጋል፤ አማካሪ መምህሩም አንድ ቀን እንኳ ሳይጎበኘው ጊዜው ያልቃል። ኮምቦልቻ በዚህ በኩል የታደለች ከተማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ የብረታ ብረት ሥራውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። ልጅዎ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል ወይም የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የምትወድ ከሆነ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በሌላ በኩል በጦርነቱ ወቅት በ2014 ዓ.ም. የኮምቦልቻው ኢንስቲትዩት በሚታቀፍበት በወሎ ዩኒቨርሲቲ ላይ ዘረፋና ውድመት መድረሱ የሚታወቅ ስለሆነ፣ የትኛው ላቦራቶሪ እንደገና እንደተደራጀና የትኛው እንደቀረ በዓይን አይታችሁ ብታረጋግጡ ጥሩ ነው። ቤታችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ከእናንተ የተሻለ ይህን ማየት የሚችል ቤተሰብ የለም፤ ነገ ጠዋት ተነሥታችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ብዙ ወላጆች የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የምህንድስና ዘርፉን ወዲያው አያገኝም። የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ትምህርት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተመለሰ፣ መጀመሪያ የጋራ ትምህርቶች ይሰጣሉ፤ ከዚያ በውጤት ተወዳድሮ ትምህርት ክፍል ይመርጣል። በጣም ተፈላጊ በሆኑት ክፍሎች ውስጥ ያለው ቦታ ውስን ነው። ጎበዞች በተሰበሰቡበት ግቢ ፉክክሩ ስለሚከብድ፣ ሶፍትዌር ተመኝታ የሄደች ልጅ ሌላ ክፍል ልትመደብ ትችላለች። ስለዚህ የምትወደው አንድ ዘርፍ ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ግቢ ያ ክፍል በዓመት ስንት ተማሪ እንደሚቀበል አስቀድማ ትጠይቅ።

ስለ ገንዘቡ በሚከተለው ጥያቄ ላይ በሰፊው እመለስበታለሁ። እዚህ ላይ ግን ማንም የማይጽፈውን ወጪ ላስታውስዎ፦ ላፕቶፕ፣ ኅትመትና ፎቶ ኮፒ፣ ካፌው ያላጠገበውን የምትሞላበት፣ ለበዓል መመላለሻ። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አዳማ ከዚያ ላይ ሌላ 100 ይጨምራል። በመንገዱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ሰላም ጭምር የሚያስብ ወላጅ ፈሪ ሊባል አይገባውም። ሴት ልጅ እንደመሆኗ፣ ከላይብረሪ እስከ ዶርም ያለው መንገድ ማታ መብራት አለው ወይ፣ ውኃስ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል የሚሉትን ሴት ተማሪዎችን ይጠይቁ፤ መልሱን ከነሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

የእኔን አስተያየት ከፈለጉ፣ የመግቢያ ፈተናውን ትፈተን። ባታልፍ እንኳ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚደረገው መደበኛ ምደባ ይጠብቃታል። ካለፈችና ዘርፏን ገና ካልለየች፣ ብዙ አማራጭ የምህንድስና ክፍሎች ባሉበት በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብትጀምር እመርጣለሁ። ፋብሪካና ማሽን ልቧን የሚስበው ከሆነ፣ የኮምቦልቻውም ላቦራቶሪ በዓይናችሁ አይታችሁት የሚሠራ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ቅርብ ስለሆነ ብቻ አትናቁት። የግል ኮሌጁን በሚመለከት፣ አቅማችሁ ካልፈቀደ ሐሳቡን በመተዋችሁ ምንም አይቆጫችሁ። ወደፊት ሌላ ሰው ቢጠይቃችሁ ግን፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው በየትምህርት ፕሮግራሙና በየካምፓሱ ተለይቶ መሆኑን ንገሩት። ኮሌጁ በአንድ ሙያ ፈቃድ ስላለው በምህንድስናም አለው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነው። በየዓመቱ የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ፎርም ይሞላል። ቤተሰባችን «መንግሥት ነው የሚያስተምረው» ብሎ ተዘናግቷል፤ እኔ ግን ዕዳ መሆኑን ሰምቻለሁ። ሲመረቅ ካልከፈለ ዲግሪውን ይከለከላል የሚባለውስ እውነት ነው? (ወንድም፣ ከጎንደር)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ ወንድምዎ የሚፈርመው የዕዳ ውል ነው። የወጪ መጋራት ሥርዓቱ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል በወጣው ደንብ መሠረት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። የቀረውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ገንዘቡ በትምህርት ላይ እያለ አይጠየቅም፤ ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፈላል። ስለዚህ ቤተሰቡ የተሳሳተው በከፊል ነው፤ ዛሬ የሚያወጣው ገንዘብ አለመኖሩ እውነት ነው፣ የነገው ግን በወንድምዎ ስም እየተመዘገበ ነው።

በምርቃት ጊዜ ተማሪዎች «ቴምፖ» የሚሉትን ጊዜያዊ ማስረጃ ይቀበላል፤ ኦሪጅናል ዲግሪውንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን የሚያገኘው ግን ዕዳውን ሲያጠናቅቅ ነው። አገር ውስጥ ሥራ ለመያዝ ቴምፖው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክት ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በሙያው ሊቀጠር ሰነድ ሲያረጋግጥ ነው። የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ ሦስት ቀን ሲቀረው ሙሉውን ዕዳ በአንድ ጊዜ ለመክፈል ገንዘብ ሲበደሩ ያየኋቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ወንድምዎ ውጭ የመማር ሐሳብ ካለው፣ ከመጀመሪያው ደመወዙ ጀምሮ ለዚህ የሚያስቀምጠው ይኑር።

ካፌ መብላቱን ትቶ ጥሬ ገንዘቡን የሚወስድ፣ ተማሪዎች ኖን ካፌ የሚሉት ዓይነት ከሆነም፣ የሚወስደው ገንዘብ የምግብ ወጪ ሆኖ በዚሁ ዕዳ ውስጥ እንደሚቆጠር ይወቅ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ራስ ገዝ ስለሆነ፣ እዚያ የሚገቡ ታናናሾች ካሏችሁ የክፍያውን ሁኔታ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ለብቻው ጠይቁ፤ የሌሎቹን ዩኒቨርሲቲዎች አሠራር ይዛችሁ አትሂዱ።

በመጨረሻ፣ ወንድምዎ በየዓመቱ የሚሞላውን ፎርም ከመመለሱ በፊት ኮፒ አድርጎ ወይም በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ። ከተመረቀ ከዓመታት በኋላ ሒሳቡ ሲሠራ የአንዱ ዓመት ፎርም ጠፋ ቢባል፣ ወይም ዊዝድሮው ሞልቶ የወጣበት ሴሚስተር ሳይቀር እንደተማረ ሆኖ ቢቆጠርበት፣ የሚያቀርበው ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል። የሁለተኛ ዓመቱ ፎርም ገና ካልገባ፣ ዛሬውኑ ደውለው ይንገሩት።