«ደህና ነኝ» ካለ፣ ክኒኑ እስከ መቼ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው፤ ከአዘዞ ፒያሳ ባጃጅ ይነዳል። የዛሬ ሁለት ዓመት ማንም የማይሰማው ድምፅ እየሰማ፣ ጎረቤት ሊመርዘኝ ነው እያለ ቤቱን አስጨንቆት ነበር። ሐኪም ቤት ወስደነው ሪስፔሪዶን 4 ሚሊ ግራም ማታ ማታ እንዲውጥ ታዘዘለት። ተመስገን፣ ዛሬ ይሠራል፣ ከሰው ይጫወታል። አሁን ግን «ደህና ነኝ፣ ክኒኑ ሱስ ይሆንብኛል» ማለት ጀምሯል፤ አልጋውን ሳነጥፍም ከፍራሹ ሥር ያልተዋጡ ክኒኖች አገኘሁ። ለፍልሰታ ደግሞ ሱባኤ እገባለሁ ይላል፤ «ጸበልና መድኃኒት አንድ ላይ አይሄድም» ያሉትም አሉ። ብናገረው ይሸሸኛል ብዬ ፈራሁ፤ ዝም እንዳልል ያን ጊዜ ያየሁትን አየሁ። ምን ይመክሩኛል? ክኒኑንስ እስከ መቼ ይውሰድ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ክኒኖቹን አምጥተሽ ፊቱ ላይ እንዳትዘረግፊ። እንዲያ ያደረገ ቤተሰብ የሚያተርፈው ቢኖር፣ ልጁ ከፍራሽ የተሻለ መደበቂያ ማግኘቱን ነው። ቀለል አድርገሽ «መድኃኒቱ ምን አስቸገረህ?» ብለሽ ጠይቂው።

«ሱስ» ብዙ ጊዜ ለሰው የሚነገረው ምክንያት ነው፤ ከሥሩ ሌላ ይኖራል። ሪስፔሪዶን ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፤ በዚህ የተነሳ ወጣት ወንድ የወሲብ ፍላጎቱ ሊቀዘቅዝ፣ ጡቱም ሊያብጥ ይችላል። ይህን ለእህቱ አይነግርም። ለእኔም የሚነግሩኝ እጃቸው የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ነው። ሌላው ይወፍራል፤ ሌላው እግሩ አላስቀምጥ ይለዋል፤ ጠዋት የሚጫጫነውም አለ፣ ይህ ደግሞ ለባጃጅ ሾፌር ቀላል ነገር አይደለም። ለሁሉም መላ አለው፦ መጠኑ ይቀነሳል፣ ወይም መድኃኒቱ በሌላ ይተካል። ክኒን መዋጥ የሰለቸው ከሆነ በወር አንዴ የሚወጋ መርፌም አለ። ሐኪሙ ግን የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ልጁ እየደበቀ ቢያመው «4 ሚሊ ግራም አልበቃውም» ብሎ ሊጨምርበት ይችላል።

ሱሱን በተመለከተ፣ ሪስፔሪዶን ሱስ አያስይዝም። ሱስ የሚያስይዘው ዲያዚፓምና እሱን የመሰሉት የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒኖች ናቸው፤ የሚገርመኝ ሰው እነሱን ብዙም አይፈራም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ክኒኑን ያቆመ ሰው በማግስቱ አያመውም። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊቀለው ይችላል፤ ድካሙ ይለቀዋል፣ ፊቱ ፈካ ይላል፣ «አላልኳችሁም?» ይላል። ሕመሙ የሚያገረሸው ብዙ ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰብ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ከሰው ተጣልቶ ነው፣ ዓይን ነው፣ መተት ነው። ሚያዝያ ላይ የቆመን ክኒን ነሐሴ ላይ ማን ያስታውሰዋል? በ2012 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው፣ ሰው የሌለ ድምፅ በሚሰማበትና ያለ ምክንያት በሚጠራጠርበት ሕመም በተያዙ ሰዎች ላይ ይህን አሳይቷል፦ በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒቱ ከተቋረጠባቸው 64 በመቶው፣ ከቀጠሉት 27 በመቶው አገረሸባቸው። እየዋጠም የሚያገረሽበት አለ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ግን የሚናቅ አይደለም።

እስከ መቼ ላልሽው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥላል፤ ደጋግሞ ያገረሸበት ለብዙ ዓመታት። ስለዚህ ወንድምሽ «ማቆም እፈልጋለሁ» ቢል ያበደ ሐሳብ አላመጣም፤ ጊዜው የሚታሰብበት ሊሆን ይችላል። ብቻ ይህን ለሐኪሙ ይበለው። ይቁም ከተባለም በወራት ውስጥ ትንሽ በትንሽ እየተቀነሰ፣ በየቀጠሮው እየታየ ነው የሚቆመው። አንቺ ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት መጀመሪያ የታየውን ጽፈሽ ያዢ፤ እንቅልፍ ማጣት ነበር? ለብቻው መሆን? ምግብ መጠራጠር? ሲመለስ ብዙ ጊዜ በመጣበት በር ነው የሚመለስ። ቀጠሮው ላይ ክብደቱንና የደም ግፊቱን ያስለካ፣ የደም ስኳሩንም ያስመርምር፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ።

ጫት ይቅም እንደሆነ አልጻፍሽም፤ ባጃጅ ተራ ላይ የማይቃምበት ቀን ስለሌለ ነው የምጠይቅሽ። መድኃኒቱ የሚያበርደውን ጫት መልሶ ያነደዋል።

ጸበሉን አትከልክሉት። ሪስፔሪዶንን ከጸበል የሚያጣላው ነገር የለም፤ ምግብ ኖረም አልኖረም ይወሰዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም እንኳ የእሱ መዋጫ ማታ ነው። ጾሜን ይሽርብኛል ብሎ ከተጨነቀ አብራችሁ ንስሐ አባቱን አናግሩ፤ እኔ የማውቃቸው ብዙ አባቶች «ክኒንህን ዋጥ፣ ጸበልህንም ተጠመቅ» ይላሉ። የሱባኤውን ቀን የሚያዳርስ ክኒን ይያዝ፣ የሚያስታውሰውም ሰው ይኑር። እኔን የሚያስፈራኝ የሌሊቱ ነገር ነው። ሰዓታት ቆሞ እያደረ ለተከታታይ ቀናት እንቅልፍ ቢያጣ፣ ያ ብቻውን ሊያስነሳበት ይችላል። ሌሊት ይተኛ፣ ቅዳሴውን ያስቀድስ።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፤ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ተብዬ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የሚባል መድኃኒት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ተስማምቶኛል። ለጥር ሰርጌ ነው፤ ልጅም ቶሎ እንፈልጋለን። መድኃኒቱን ከሰርጉ ማግስት ላቁም?

መልስ፦ ከሰርጉ ማግስት ሳይሆን ዛሬውኑ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ፤ በራስሽ ግን አታቁሚ። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ላይ ከሚከለከሉት ዋነኛው ነው፤ እናታቸው እየወሰደችው ከተወለዱ 10 ልጆች አንዱ ገደማ ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳል፣ ከ10 ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ደግሞ የአእምሮ እድገታቸው ሊዘገይ ይችላል። ከጉድለቶቹ አንዱ የሆነው የፅንሱ አከርካሪ ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያው ወር፣ ማርገዝሽን እንኳ ሳታውቂ ነው። ስለዚህ ለውጡ ከእርግዝናው መቅደም አለበት፦ ሐኪምሽ ሌላ መድኃኒት ይመርጥልሻል፣ አዲሱ እስኪስማማሽ የእርግዝና መከላከያ ትጠቀሚያለሽ፣ ፎሊክ አሲድም ይታዘዝልሻል። ምናልባት ልጁ ከምታስቡት ጥቂት ወራት ይዘገይ ይሆናል። ለእጮኛሽ ሕመሙን ነግረሽው ከሆነ ለቀጠሮው ይዘሽው ነይ፤ የሚጠይቀው ይኖረዋል።