ማባዛቱ ልክ ነው፣ መልሱ ግን አይደለም

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሰሞኑን «ማባዛቴ ልክ ነው፤ ታዲያ ለምን ኤክስ ተደረገብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደብተሯን አየሁት። ሜትርን በሴንቲ ሜትር አባዝታለች። ወዲያው አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ትዝ አለኝ።

ገና ጀማሪ ነበር። ጎበዝ ልጅ፤ ማባዛትና ማካፈል በቃሉ ነው የሚሠራው። አለቃችን የውኃ ገንዳ አሳየውና «በደቂቃ 20 ሊትር ብንለቅበት በስንት ሰዓት ይሞላል?» አለው። ልጁ ሜትሩን መዘዘ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር። ወረቀት እንኳ ሳይፈልግ አባዛና «240 ሜትር ኩብ!» አለ። ወደ ሊትር ቀየረው፦ 240,000። ለ20 ሲያካፍለው 12,000 ደቂቃ መጣ። 200 ሰዓት! ገንዳው ወገቡ ጋ አይደርስም፤ እሱ ግን ከስምንት ቀን በላይ ውኃ ሊለቅበት ነው። ሰዉ ሁሉ ሳቀበት።

80 ሴንቲ ሜትሩን 0.8 ሜትር ብሎ ቢጀምር 2.4 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 2,400 ሊትር ያገኝ ነበር። ሁለት ሰዓት፣ በቃ። ስሌት አልጠፋውም። ቀና ብሎ ገንዳውን አላየውም እንጂ። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ተወ። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያሳየው ሰው አልነበረም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

የጀማሪ ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ነዳጁ ሲሰላ ኪሎ ግራምና ፓውንድ (ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የሚያንስ የክብደት መለኪያ) ተምታታ። አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዞ ተነሣ። ሁለቱም ሞተሮች አየር ላይ ቆሙ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር አንሳፍፈው ካናዳ ውስጥ ጊምሊ የሚባል ቦታ ላይ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው የለም።

የዛሬ ልጆች ጥያቄውን ሳታነቡ ቁጥር ትለቅማላችሁ። ስልኩ ነው ያበላሻችሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያለ ካልኩሌተር አልንቀሳቀስም፤ ግን እሱ ሜትር ይሁን ሴንቲ ሜትር አያውቅም። ከየቁጥሩ ጎን አሃዱን ጻፉ፤ እስከ መጨረሻው መስመር አትጣሉት። ከመሥራታችሁ በፊትም መልሱን በግምት ተናገሩ። «ተለማመዱ» አልላችሁም፤ እሱን ሰምታችሁ ሰልችቷችኋል።

ካሬ ላይ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ትሸወዳላችሁ። 3 ካሬ ሜትር 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመስላችኋል። ሣሉት። 1 ሜትር በ1 ሜትር በሆነ ካሬ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ትንንሽ ካሬዎች በአንድ ረድፍ 100 ይደረደራሉ፤ ረድፎቹም 100 ናቸው። ስለዚህ 10,000፤ ሦስቱ 30,000። 1 ሜትር ኩብ ሲሆን 10,000ው ላይ አንድ ሌላ 100 ይባዛበታል፤ 1,000,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ። 1 ሊትር 1,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር የሚይዘውም ለዚህ ነው።