ኩላሊቷ የደከመ ድመት ልውሰድ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «መጠለያው የ15 ዓመት የኩላሊት በሽተኛ ድመት እስክትሞት አኑሪልን አለኝ፤ ሕክምናውን የምከፍለው እኔ ነኝ?» ላልሽው፦ አብዛኛውን ጊዜ አትከፍዪም። እንዲህ እስክትሞት ቤት ወስዶ ማኖሩን እዚህ አሜሪካ ፎስፒስ ይሉታል። ድመቷ በወረቀት የመጠለያው ሆና ትቆያለች፤ ሐኪምና መድኃኒቱ የእነሱ፣ ቤቱና እንክብካቤው ያንቺ። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው፣ በ2007 የተመሠረተው የአሮጌ ውሾች መጠለያ መትቪልም እንዲህ ያለ ፕሮግራም አለው። የምግብና የአሸዋው ወጪ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ሳትፈርሚ ጠይቂ። ሌሊት ብትታመም ለማን እንደሚደወልም በጽሑፍ ያዢ፤ ሳታስፈቅጂ ሌላ ሐኪም ጋ ከወሰድሻት ሂሳቡ ባንቺ ሊመጣ ይችላል።

እኔም እንዲህ ያለች አንዲት ነበረችኝ፣ ሰባት ወር። ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ መስጠት ነበረብኝ፤ መርፌ ስፈራ የኖርኩ ሰው! ከረጢቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ አሞቀዋለሁ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጣትና የትከሻዋን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ አነሳለሁ፣ መርፌውን ከሥሩ። ቦታው እንደ እንቁላል ያብጣል፣ አንዳንዴም ወደ እግሯ ይወርዳል። አትደንግጪ፣ በሰዓታት ውስጥ ይመጠጣል። እናቴ «ለድመት ጉሉኮስ?» እያለች እስከዛሬ በስልክ ትስቅብኛለች።

የማስተኛቱን፣ ማለትም ሥቃዩ ሲበዛባት በመርፌ እንድትሞት የማድረጉን ነገር ብቻሽን አትወስኚም፣ ከመጠለያው ሐኪም ጋር ነው። እኔ ካላንደር ላይ ደህና ያልበላችበትን ቀን በቀይ አከብ ነበር፤ ቀዩ ሲበዛ ደወልኩ።