ለአስተርጓሚ ተማሪዎች፦ ኤአይ ይፈትናችሁ እንጂ አይያዝላችሁ

«ጋሼ፣ ስልኬ የሰማውን ሁሉ እየጻፈልኝ እኔ ለምን በጭንቅላቴ እይዛለሁ?» ትሉኛላችሁ። ጅማ ላይ እኮ ሥራችሁ በአብዛኛው ፍርድ ቤትና ሆስፒታል ነው። እናት የታመመ ልጇን አቅፋ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ምን መድኃኒት እንደሰጠችው፣ የቱን እንዳስቆመችው በኦሮምኛ በአንድ ትንፋሽ ስትናገር ስልኩ ጽፎ እስኪጨርስ የሚጠብቅ ሐኪም የለም። ደግሞ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው የኦፕን ኤአይ ፕሮግራም ዊስፐር በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ ነበረ፣ ኦሮምኛ ግን አልነበረም።

ኤአይን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) ለፈተና ተጠቀሙበት። የእንግሊዝኛ ንግግር ያዘጋጅላችሁ፣ በድምፅ ያንብበው፣ ጽሑፉን ግን አትዩት። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ይበቃል። እስክሪብቶ አትንኩ። ሲጨርስ በአማርኛ መልሳችሁ እየተናገራችሁ ድምፃችሁን ቅዱ፣ ከዚያ ከዋናው ጋር አስተያዩት። ቃል አትቁጠሩ። ማን ምን አደረገ፣ ቁጥሩ ስንት ነው፣ «አልወሰደም» ያለው «ወሰደ» ሆኖ ወጥቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚከብደው ቀድሞ የመጣውን ግስ እስከ መጨረሻ ይዞ መቆየቱ ነው፤ ኦሮምኛና አማርኛ ሁለቱም ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጡ በዚህ በኩል ይቀላል።

ሁሉንም ቃል ልያዝ ካላችሁ ግን አይሆንም። ሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘውን ሰባት ገደማ ነገር አለው፤ ኔልሰን ኮዋን በ2001 ወደ አራት አወረደው። አራት ቃል ብትይዙ የትም አትደርሱም፣ አራት ሐሳብ ብትይዙ ግን ደቂቃዋ ትሸፈናለች።

አንድ የምወደው ልምምድ አለ። የእንግሊዝኛውን ንግግር ሰዓት በሚናገሩ ዓረፍተ ነገሮች እንዲሞላው ኤአይን እዘዙት። «2 ኤኤም» ሲል ከሌሊቱ 8 ሰዓት እያላችሁ፣ ቀጥሎ የመጣውንም ሳትጥሉ። ላብ ያወጣል!

የማሽን ድምፅ ግን አያለቅስም፣ ጀምሮ አይተውም፣ ወሬውን ከመሃል አይጀምርም። ስለዚህ በየመሃሉ ሬዲዮ ስሙ፣ ጓደኛችሁ ያውራችሁ፣ ሂርማታ ገበያ የሰማችሁትን ወሬ ማታ ለቤተሰብ በሌላ ቋንቋ ንገሩ።

የታካሚን ወይም የተከሳሽን ድምፅ ቀድታችሁ ለልምምድ ብላችሁ ኤአይ ላይ እንዳትጭኑ። ታሪክ ፈልጋችሁ ከሆነ ፈጥሮ ይስጣችሁ።