ከሪተርን ቱ ዱቲ በኋላ ስለሚመጣው ፎሎው አፕ ምርመራ፦ ለወንድማችን ጥያቄ መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃህ። በዕፅ ጥፋት ከመሪ ለወረደ የትራክ ሾፌር፣ ሳፑን (ሾፌሩን የሚገመግመውንና ሕክምና ወይም ትምህርት የሚያዘውን ባለሙያ) ጨርሶ፣ የሪተርን ቱ ዱቲውን (ወደ ሥራ ከመመለስ በፊት የሚደረገውን) ምርመራ ኔጌቲቭ አምጥቶ፣ ክሊሪንግሃውስ (የሾፌሮች ጥፋት የሚመዘገብበት የፌዴራል መዝገብ) ላይ ያለውን እገዳ ማስነሳት ቀላል አይደለም። የጠየቅከው ሦስት ነገር ነው፦ ፎሎው አፑ (ወደ ሥራ ከተመለሱ በኋላ ሳይታሰብ የሚደረገው ተከታታይ ምርመራ) መቼ መቼ ይመጣል? ኩባንያ ብቀይር ይቀርልኛል? ሁለት ወር ሀገር ቤት ብሄድስ? እኔ እዚህ አሜሪካ በአንድ የጭነት ኩባንያ ሴፍቲ (የደኅንነት) ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሾፌር ጋ ደውዬ "አሁን ሄደህ ተመርመር" የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከደዋዩ ወገን ሆኜ ያየሁትን ልንገርህ።

ቀኑን ማንም አይነግርህም፤ እንዲነግርህም አይፈቀድለትም። ስንት ጊዜ እንደምትመረመር ሳፑ ጽፎ ለኩባንያው ይልካል። ቀኑን የሚመርጠው ኩባንያው ነው። አንተ የሳፑን ሪፖርት ስትጠይቅ ይሄ ክፍል ተሰርዞ ነው የሚደርስህ። ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛው ቁጥር፣ ወደ መሪው ከተመለስክ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 12 የሥራ ወራት ውስጥ 6 ምርመራ ነው። ሳፑ ከዚያ በላይ ማዘዝ ይችላል። ዘመኑንም እስከ 60 ወር ሊያስረዝመው ይችላል። "ስድስት ከሆነ በየሁለት ወሩ ነው" ብለህ እንዳታሰላ። በአንድ ወር ሁለቴ ተጠርቶ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም የተባለ ሾፌር አውቃለሁ። ዝም ሲባል ያለቀለት መስሎት ነበር። አላለቀም።

ራንደምም (ሾፌሮች ሁሉ በዕጣ የሚጠሩበት ምርመራ) ከዚህ ጋር አይደመርም። ሰኞ በራንደም ተጠርተህ ሐሙስ ደግሞ ለፎሎው አፕ ብትጠራ ማንም ተንኮል እየሠራብህ አይደለም። አንዱን በሌላው መተካት ሕጉ ራሱ ይከለክላል። በሆነ ምክንያት የተሰረዘ ምርመራም አይቆጠርልህም፤ እንደገና ነው። ብዙ ሾፌሮች "ሴፍቲው ጠምዶኛል" እያሉ የሚቀየሙት ይሄን ስለማያውቁ ነው።

አሁን አጥብቄ ልነግርህ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲወድቁ ያየኋቸው ልጆች ሁሉ ዕፅ ወስደው አይደለም የወደቁት። ንጹህ ሆነው በሪፊውዛል (በእምቢታ) የወደቁ አሉ። ሪፊውዛል ማለት ደግሞ "አልመረመርም" ብሎ መጮህ ብቻ አይደለም። ስልክ ተደውሎልህ "ሎዱን (ጭነቱን) ላድርስና" ብለህ ሰዓት ካሳለፍክ ሪፊውዛል ሊሆን ይችላል፤ ስንት ሰዓት ተገቢ እንደሆነ የሚወስነው ኩባንያው ነው። ምርመራው ሳያልቅ ከክሊኒኩ ከወጣህ ሪፊውዛል ነው። ውጤቱ ደግሞ ከፖዘቲቭ እኩል ነው፤ ከሳፕ ጀምረህ እንደገና ትመለሳለህ። ከኖቬምበር 18 ቀን 2024 ጀምሮ ክሊሪንግሃውስ ላይ የታገደ ሾፌር ሲዲኤሉንም (የንግድ መንጃ ፈቃዱን) ከስቴቱ ይነጠቃል። ስለዚህ ስትጠራ ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድብልህ ሰው) ሌላ ነገር ቢልህ እንኳ ራስህ አትከራከር። ሴፍቲን ከዲስፓቸሩ ጋር አገናኝና አንተ ሂድ። የተደወለበትን ሰዓት፣ ክሊኒክ የደረስክበትን ሰዓት ጻፍ፤ ወረቀቱን ፎቶ አንሳ።

ማንም በግልጽ የማያወራው ሌላ ነገር አለ። ሪተርን ቱ ዱቲም ሆነ ፎሎው አፕ የሽንት ምርመራ የሚሰጠው ሰው እያየህ ነው። ይሄን ሪተርን ቱ ዱቲ ላይ አልፈህበታል፤ ግን በየጊዜው እንደሚደገም ልብ በል። ተመልካቹ እንደ አንተ ወንድ ነው፤ ለሴት ሾፌር ደግሞ ሴት። ሸሚዝህን ከወገብህ በላይ፣ ሱሪህንና የውስጥ ሱሪህን እስከ ጭንህ አጋማሽ አድርገህ እንድትዞር ያዝሃል። ከዚያ ልብስህን አስተካክለህ፣ ሽንቱ ከሰውነትህ ወጥቶ ዕቃው ውስጥ ሲገባ ያያል። ለእኛ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ለገፋ ሰው፣ ይሄ ከባድ ውርደት ሆኖ ይሰማዋል። እኔም አዝናለሁ። አንድ አባት የሚሆኑ ሾፌር "እንዲህ አልዋረድም" ብለው ተነስተው ሄዱ። ምንም የሚደበቅ ነገር አልነበራቸውም ብዬ አምናለሁ። ግን በሪፊውዛል ተመዘገቡና ሥራቸውን አጡ። ቢያስቀይምህም እዚያው ጨርሰህ ውጣ። ቅሬታ ካለህ በኋላ በጽሑፍ አቅርብ።

ሰው እያየህ ሽንት አልመጣ ቢልህ አትደንግጥ። የሚፈለገው 45 ሚሊ ሊትር ነው። ካልሞላ ቢበዛ ለ3 ሰዓታት ይጠብቁሃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እስከ 40 አውንስ መጠጣት ትችላለህ። ከዚያ በላይ መጋት አይጠቅምህም፤ ሽንቱ ከቀጠነ ሌላ ጣጣ ያመጣል። እነዚያን 3 ሰዓታት ቁጭ ብለህ ጠብቅ። "ምሳ በልቼ ልምጣ" እንዳትል።

ስለ መጠጥ፦ ጥፋትህ በዕፅ ቢሆንም ሳፑ የአልኮል ምርመራም ሊጨምርብህ ይችላል። የአልኮሉ መጠን 0.04 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥፋት ነው። ከ0.02 ጀምሮ ከዚያ በታች ቢሆንም ለ24 ሰዓት ከመሪ ትወርዳለህ። እሑድ ማታ ሠርግ ላይ ጠጅ ጠጥቶ ሰኞ ንጋት ላይ ትራክ ማስነሳት አሁን ላንተ አይሆንም። ማሪዋና በስቴትህ ተፈቀደ አልተፈቀደ ለዲኦቲ (ለፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ምንም አይለውጥም፤ ሲቢዲ (ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ምርት) ነው የወሰድኩት ማለትም ሰበብ አይሆንም። ጫትን በተመለከተ "በምርመራው አይታይም" የሚሉህን አትስማ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ የተከለከለ ነው። መንገድ ላይ ትራክህ ውስጥ ቢገኝ ምርመራውን ማለፍህ አያድንህም።

ኩባንያ ብትቀይር ፕላኑ አብሮህ ይሄዳል። አዲሱ ቀጣሪ ሳይቀጥርህ በፊት ክሊሪንግሃውስን ማየት ግዴታው ነው። ፎሎው አፑ እንዳላለቀ ሲያይ ደግሞ ፕላኑን ከቀድሞ ኩባንያህ ይጠይቃል። ስለዚህ ማመልከቻ ላይ አትደብቅ፤ አስቀድመህ ንገራቸው። እኔ ዕድል የሰጠኋቸው ሾፌሮች ቀድመው የነገሩኝ ናቸው። መዝገቡ ጥፋቱ ከተረጋገጠበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ይቆያል፤ ፎሎው አፑ ከዚያ በላይ ከሄደ ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ። የራስህን ትራክ ገዝተህ በራስህ ኦቶሪቲ (የጭነት ሥራ ፈቃድ) ብትሠራም አታመልጥም። በምርመራ አስተዳዳሪ ድርጅት ሥር መግባትና ድርጅቱን በክሊሪንግሃውስ ላይ መሰየም አለብህ። የሚጠራህም እሱ ነው።

ሀገር ቤት መሄድ ትችላለህ፤ ማንም አይከለክልህም። ግን ያ ጊዜ ፕላኑን አያሳጥረውም፤ ስትመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። ከመሄድህ በፊት የምትወጣበትንና የምትመለስበትን ቀን ለሴፍቲ በኢሜይል ጻፍና መልሱን አስቀምጥ። አዲስ አበባ ሆነህ ስልክህ ዝግ እያለ ሊጠራህ እንዳይሞክር ነው። እዚያ ብትታመም የሐኪም ማዘዣህን ይዘህ ተመለስ። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ከዘመድ ተቀብለህ እንዳትጠጣ፤ ኮዴይን ከሚመረመሩት ውስጥ ነው። ውጤትህ ላይ ጥያቄ ከተነሳ ኤምአርኦው (የምርመራ ውጤት የሚገመግመው) ሐኪም ይደውልልሃል። የማታውቀው ቁጥር ነው ብለህ ስልኩን እንዳትዘጋው።