ጎማው ሳይገኝ እንጨቱ አይቆረጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሴት ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላት ነው። ፔዳል የሌላት፣ በእግሯ መሬት እየገፋች የምትሄድባት የእንጨት ብስክሌት ልሠራላት አስቤያለሁ። የእንጨቱ ሥራ አያስፈራኝም፤ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ገዝቻለሁ፣ መጋዝም አለኝ። ያስቸገረኝ ብረታ ብረቱ ነው። ጎማውን ከየት ላምጣ? በምን ልሰረው? መሪው እንዲዞርስ ምን ላድርግ? አንድ ወዳጄ «ረጅም ብሎን አሳልፈህ በዳዶ ጥርቅም አድርገህ እሰረው» ብሎኛል፤ እኔ ግን አላመንኩበትም።

መልስ፦ አለማመንዎ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት፦ ኮምፔንሳቶውን ገና ካልቆረጡት ባለበት ይቆይ። ብዙ ሰው ንድፉን ያወጣል፣ ይቆርጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ ቀለም ይቀባል፤ ጎማ ፍለጋ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያገኘው ጎማ ደግሞ ወይ ከተተወለት ክፍተት ይሰፋል፣ ወይ አክስሉ በቀዳዳው አልገባም ይላል። የሞዞው (አክስሉ የሚያልፍበት የጎማው መሃል) ስፋት ጎማውን ከግራና ቀኝ የሚይዘውን የሹካውን ክፍተት ይወስናል፤ የአክስሉ ውፍረት ቀዳዳውን፣ የጎማው ቁመት ደግሞ የመቀመጫውን ከፍታ። ስለዚህ ብረቱ መጀመሪያ እጅዎ ይግባ፣ ውፍረትና ቀዳዳ በሚለካው መሣሪያ በካሊፐር ይለኩት፣ እርሳስ የሚያነሡት ከዚያ ነው።

ለጎማ ከሁሉ የምመርጠው ከአገልግሎት የወጣ ባለ 12 ኢንች የልጆች ብስክሌት ነው። ፍሬሙ የዛገ፣ ፔዳሉ የተሰበረ ቢሆን ለእርስዎ ግድ የለም። የጎማውን ጎን ጠረግ አድርገው ያንብቡ፤ «12½ × 2¼» ወይም «62-203» የሚል ያገኛሉ። 203 ማለት ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ቁጥር ከተመሳሰለ ላስቲኩ ቢያረጅ በሌላ ይተካል። ተነፍቶ ሲቆም ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለልጅዎ ዕድሜ የሚስማማውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፦ ሁለቱም የፊት ጎማ ይሁኑ። የኋላው ከነ ሰንሰለቱ ጥርስና ከነ ፍሬኑ ስለሚመጣ ሞዞው ሰፊ ነው፣ ክብደቱም ያለ ጥቅም ነው። ሞዞው ሲሰፋ የኋላው እንጨት ይሰፋል፤ እንጨቱ ሲሰፋ ልጅቷ በገፋች ቁጥር ቁርጭምጭሚቷን ይመታታል። ብስክሌት ጠጋኞች ዘንድ ከተከመረው ውስጥ ሁለት የፊት ጎማ መምረጥ አያስቸግርም። ሲወስዱ ግን ዳዶውንና ከሥሩ የሚገባውን ጠፍጣፋ ቀለበት፣ ሮንዴላውን፣ አብረው ይውሰዱ። የብዙዎቹ አክስል 5/16 ኢንች ነው፤ በሚሊ ሜትር 7.94 ስለሚሆን ባለ 8 ይመስላል። ጥርሱ ግን ከተለመደው ባለ 8 ብሎን ጥርስ የደቀቀ ነው፤ ባለ 8 ዳዶ በጉልበት ሲያስገቡበት ጥርሱ ተበልቶ ይቀራል።

የሕፃን ጋሪ ጎማም ይሠራል፤ የቸርኬው ዲያሜትርም ብዙ ጊዜ ያው 203 ነው። ከመግዛትዎ በፊት ግን ቀዳዳው ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ መሆኑን ይዩ። አንዳንዱ በአንድ ወገን ብቻ ተሰክቶ የሚቆለፍ ነው፤ እሱ ለሹካ አይሆንም። አየር የማይነፋበት የፎም ጎማ ቀላል ነው፣ አይፈነዳም፤ ለስላሳ ወለል ላይ ግን ያንሸራትታል፣ ንዝረቱንም እጅ ላይ ያደርሳል። እኔ በአየር የሚነፋውን እወዳለሁ።

አሁን ወደ ወዳጅዎ ምክር እንምጣ። ከአናቱ እስከ ጫፉ ጥርስ ያለው ብሎን እንጨት ውስጥ ሲቀመጥ ጥርሱ እንደ ሞረድ ይሠራል። ልጅቷ ገፋች፣ ተንገጫገጨች፣ ብሎኑ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ያን ጊዜ እንጨቱን ይልጠዋል። እንዲህ ታስራ የቆየች ብስክሌት ፈትተው ቢያዩ ቀዳዳዋ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል፤ ከሮንዴላው ሥርም ጥቁር ዱቄት ይወጣል። ጎማው ወደ ጎን የሚያዘነብለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ዳዶውን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት አይመለስም።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንጨቱን በብረት ያልብሱት፦ ውስጡ 8፣ ውጭው 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር የሆነ አጭር የብረት ቱቦ በኢፖክሲ ቀዳዳው ውስጥ ይጣበቅ። ሁለተኛ፣ የሚገዙት ብሎን አንገቱ ጥርስ የሌለው ልሙጥ ይሁን፤ አናቱ ላይ 8.8 የሚል ከተጻፈበት ጥንካሬው ይበቃል። ከውጭ በኩል ሰፊውን ሮንዴላ ያድርጉ። ለባለ 8 ብሎን ተራው 16፣ ሰፊው ደግሞ 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንጨት ላይ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

የራሱ አክስል የሌለው፣ በኩሽኔታ (ኳሶች ባሉት የብረት ቀለበት) የሚዞር ጎማ ካገኙ ኩሽኔታው አብዛኛውን ጊዜ 608 የሚባለው ነው፦ ቀዳዳው 8፣ ውጭው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። በስኬትቦርድ ጎማ ውስጥ ያለው ስለሆነ እንደ ልብ ይገኛል። ሰዎች የሚረሱት በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የምትገባዋን ቱቦ ነው። እሷ ከሌለች ዳዶውን ባጠበቁ ቁጥር የኩሽኔታዎቹ የውስጥ ቀለበት ወደ መሃል ይገፋል፤ ጎማው ይከብዳል፣ ይንቋቋል። ቱቦዋ ቁመቷ በፀጉር ያህል ቢበልጥ እንጂ እንዳያንስ አድርገው በሞረድ ያስተካክሏት። ከኩሽኔታው ውጭ በኩል የሚገባው ሮንዴላም ትንሽ ይሁን፤ ውጭው ከ12 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ሽፋኑን ይፈትጋል።

ስለ መሪው ደግሞ፣ አሮጌውን ብስክሌት ካገኙ ሹካውን ከነ ኩሽኔታው ያውጡና እንጨቱን በዚያ ልክ ይብሱት፤ ከዚህ የተሻለ የለም። ካልተገኘ ባለ 10 ብሎን ቁልቁል አሳልፈው፣ ከላይም ከታችም ቱቦ አልብሰው፣ እንጨትና እንጨት በሚገናኙበት ቦታ የናይለን ሮንዴላ ያስገቡ። ዳዶውን መንገዳገዱ እስኪጠፋ ብቻ ያጥብቁት። መሪው ሙሉ በሙሉ እንዳይዞርም ግራና ቀኝ ማቆሚያ ያብጁለት፤ ልጆች ሲወድቁ መሪው ተጠማዞ ሆዳቸውን የሚወጋበት ጊዜ አለ።

ለመቀመጫው ከተፈታ አልጋ የሚወጣው ብሎን ግሩም ነው፤ ከጎን እንጨቱ ውስጥ የምትቀበረው ክብ ዳዶ አብራው ትኑር። ከፍታውን ለመወሰን ልጅቷን ጫማ አድርጋ ያቁሟት፣ ከመሬት እስከ ብሽሽቷ ይለኩና 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይቀንሱ። ጉልበቷ በትንሹ መታጠፍ አለበት። ስለምታድግ ከላይ ሌላ ቀዳዳ ከወዲሁ ይብሱላት።

ጥያቄ፦ ለወንድ ልጄ የተሠራለት የእንጨት ብስክሌት የፊት ጎማው ዳዶ በየጊዜው ይላላል። በቁልፍ አጠብቀዋለሁ፣ ተመልሶ ይላላል። ውስጡ ነጭ ናይለን ያለው ዳዶ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ዳዶውን ፈትተው በጣትዎ ብቻ ያዙሩት። ናይለኑ ጋ ሲደርስ ካልያዘና እስከ መጨረሻው በጣት ከገባ አልቋል፤ ይጣሉት። በተፈታ ቁጥር ናይለኑ እየተበላ ስለሚሄድ ለልጅ ብስክሌት ሁልጊዜ አዲስ ቢያደርጉ እመርጣለሁ። አዲሱን ሲያስሩ የብሎኑ ጫፍ ከናይለኑ አልፎ አንድ ሁለት ጥርስ መውጣቱን ይዩ፤ ካልወጣ ብሎኑ አጥሯል ማለት ነው፣ ናይለኑም ጨርሶ አልያዘም። ናይለንም ቆብም ያለው ዳዶ ካገኙ ደግሞ የበለጠ ነው፤ የልጅዎን እግር አይቧጭርም። አይዝጌ ብረት ከሆነ ጥርሱ እንዳይጣበቅ ግራሶ ነካ ያድርጉለት።

አዲሱም ዳዶ ከላላ ግን ጥፋቱ የዳዶው አይደለም። ጎማውን አውጥተው ቀዳዳውን ይመልከቱ፤ ሞላላ ከሆነ ሰፋ አድርገው በስተው ከላይ ለአባትየው የነገርኳቸውን የብረት ቱቦ ያጣብቁበት። ኢፖክሲው አንድ ሌሊት ሙሉ ሳያድር ልጅዎ እንዳይነዳው።