ቁልቁለቱን ከካርታው ማንበብ
ጥያቄ፦ ወደማላውቀው አካባቢ ተዛውሬአለሁ። ለተራራ ብስክሌት የሚሆን የቁልቁለት መንገድ እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ የብስክሌት መንገዶችን በካርታ በሚያሳየው፣ ትሬይልፎርክስ በተባለው መተግበሪያ ይጀምሩ። በካርታው ላይ አረንጓዴ ቀላል፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ መንገድ ነው። ቀለሙን ብቻ ግን አይመኑ፤ የአንዱ ተራራ ሰማያዊ የሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል። የከፍታውን ልዩነት ለርዝመቱ ያካፍሉ፦ በ2 ኪሎ ሜትር 300 ሜትር የሚወርድ መንገድ አማካይ ቁልቁለቱ 15 በመቶ ነው፤ ፍሬን ክፉኛ ያግላል። አማካይም ያታልላል፤ የካርታው የከፍታ መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) የተጠጋጉበት ቦታ ቁልቁለቱ የበረታ ነውና በዚያ ይጠንቀቁ። ካርታ ላይ የሌሉትን መንገዶች የአካባቢው ብስክሌት ጠጋኞች ያውቋቸዋል፤ የግል መሬት የሚያቋርጡ ከሆነ ግን ባለቤቱን ያስፈቅዱ። የመጀመሪያውን ዙር በዝግታ ይውረዱ፤ ማረፊያውን ያላዩትን ዝላይ አይሞክሩ።